ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ ሲተኛ አዋዋጡን ተከታተሉ
ቶንሲሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት በዕለቱ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ቢደማ፣ ተኝቶ ሳለ ደሙን ስለሚውጠው ትራሱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት፣ እንዲሁም የቁስሉ ነጭ ሽፋን በሚላቀቅበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ፣ በጎኑ አስተኝታችሁት አጠገቡ እደሩ፤ በእንቅልፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነ ቀስቅሳችሁ አፉን በባትሪ ብርሃን እዩ። ቀይ ጭማቂ፣ ቀይ ስርና ሐብሐብም አትስጡት፤ ቢያስመልሰው ቀለማቸው ከደም ጋር ያምታታል። ሆድ ውስጥ የቆየ ደም ደግሞ የቡና አተላ እንደሚመስል አስታውሱ። ትኩስ ደም ካያችሁ ግን፣ ጥቂት ቢሆንና የቆመ ቢመስልም እንኳ፣ ክትትሉን ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።