የግዥ ፋይል ስትመረምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ይህ ጽሑፍ የውስጥ ኦዲት ክፍል ውስጥ አዲስ ለገባችሁ ነው፤ መሥሪያ ቤታችሁ የመንግሥት ይሁን የአክሲዮን ማኅበር ለውጥ የለውም። የሒሳብ አያያዙን ተምራችሁ መጥታችኋልና እሱን አላነሳም። የማነሳው ሙስና የተፈጸመበት ፋይል ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳታዩት የምታልፉበትን መንገድ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ታዩትና ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ ታበላሹታላችሁ። ይሄኛው ይበልጥ ያሳዝናል፤ ያየ ሰው ነበረና።

«ሦስት ፕሮፎርማ ተያይዟል» ብሎ ማለፍ

በኦዲት ወረቀት ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ያላየ አለቃ የለም። ከጎኑ የራይት ምልክት ይደረግበታል፣ ገጹ ይገለበጣል፣ ቀጣዩ ፋይል ይወጣል። እባካችሁ ይህን ተዉ! ፕሮፎርማ፣ ማለትም ነጋዴው የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ የሚሰበሰበው ሦስት ወረቀት እንዲሞላ አይደለም፤ ሦስት ነጋዴዎች መወዳደራቸውን እንዲያሳይ ነው። መወዳደራቸውን ደግሞ ወረቀት በመቁጠር ማወቅ አይቻልም። የውሸት ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሟላው ቁጥሩን ነው፤ ምክንያቱም እናንተ የምታዩት ቁጥሩን ብቻ እንደሆነ ያውቃል። በቅንነት የተሠራ ግዥ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ቀን ሳይጻፍ የቀረ፣ ዘግይቶ የተያያዘ ደብዳቤ፣ የተሰረዘ ቁጥር። ሁሉም ነገር የተሟላለት፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያለቀ ፋይል ሲገጥማችሁ ወንበራችሁን ሳቡና በደንብ ተቀመጡ።

ሦስቱን ፕሮፎርማ ከፋይሉ ሳትነቅሉ ኮፒ አድርጉና ጎን ለጎን ዘርጓቸው። መጀመሪያ ዋጋውን ተዉትና ጽሑፉን አንብቡ። የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል በሦስቱም ላይ አንድ ነው? የመሥሪያ ቤቱ መጠየቂያ ደብዳቤ በዚያው ቅደም ተከተል ከሆነ ችግር የለውም፤ ካልሆነ ግን ጥያቄ አለ። የፊደል ስህተቱን እዩ። «ተሽከርካሪ ወንበር» በሦስት ድርጅቶች ወረቀት ላይ «ተሽከረካሪ ወንበር» ተብሎ ከተጻፈ የጻፈው አንድ እጅ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ካልኩሌተር አውጡ። አሸናፊው ወንበር በ4,200፣ ጠረጴዛ በ11,500፣ መደርደሪያ በ9,800 ብር አቅርቧል እንበል። ሁለተኛው 4,536፣ 12,420 እና 10,584 ብሏል። ሦስተኛው 4,704፣ 12,880 እና 10,976። ለዓይን የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው። አካፍሏቸው፦ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ልክ 8 በመቶ፣ ሦስተኛው ልክ 12 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛ ነጋዴ ወንበሩን ከአንድ ቦታ፣ መደርደሪያውን ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ በአንዱ ይረክሳል፣ በሌላው ይወደዳል። በሁሉም ዕቃ ላይ በእኩል በመቶ የሚወደድ ዋጋ የአሸናፊውን ወረቀት ይዞ የተባዛ ዋጋ ይመስላል። ይህ ብቻውን ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም። ወደ ተሸናፊዎቹ ሱቅ ለመሄድ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞም ሂዱ። አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፤ ከቢሮ ሳይወጡ ኦዲት ማድረግ የተለመደ ሆኗል። በፕሮፎርማው ላይ ያለውን ወረዳና የቤት ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና ቤቱ መኖሩን፣ ሱቅ መሆኑን፣ የሚሸጠውም ያንን ዕቃ መሆኑን አረጋግጡ። የጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ፈቃድ ያለው ሱቅ የመኪና መለዋወጫ ዋጋ ሰጥቶ ታገኛላችሁ። በፓድ የሚጽፍ ከሆነ የዚያን ቁጥር ቀሪ፣ ማለትም ጥራዙ ላይ የሚቀረውን ቅጂ፣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ቀሪው ባዶ ከሆነ ወይም የሌላ ደንበኛ ስም ካለበት የያዛችሁት ወረቀት ከዚያ ሱቅ አልወጣም ማለት ነው። ሌላም አለ፦ በፕሮፎርማው ላይ ያለውን ስልክ ከሠራተኞች የግል ማኅደር ጋር አመሳክሩት፤ በተለይ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ከሚለው መስመር ጋር። የግዥ ሠራተኛው ባለቤት ስልክ የተሸናፊው ድርጅት ስልክ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ተጨማሪ እሴት ታክስንም አትርሱ። አንዱ 115,000 ብር ታክስን ጨምሮ፣ ሌላው 108,000 ብር ታክስ ሳይጨምር ካቀረቡ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ ሲታከልበት 124,200 ይሆናል። የግዥ ኮሚቴው ግን 108,000ን «ዝቅተኛ ዋጋ» ብሎ ያሳልፈዋል። ስህተት ሊሆን ይችላል። በአንድ አቅራቢ ላይ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ግን ስህተት ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም።

የዛሬን ዋጋ ይዞ የአምናን ግዥ መክሰስ

«በገበያ ዋጋ 40,000 የሆነው ዕቃ በ60,000 ተገዝቷል» የሚል ሪፖርት ፍርድ ቤት ደርሶ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የገበያ ዋጋ የሚባለው በግዥው ወር የነበረው ነው። በተለይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃን የሰኔ 2016 ዋጋ ከጥቅምት 2017 ዋጋ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። ያንኑ ዕቃ በዚያው ወር የገዛ ሌላ መሥሪያ ቤት ፈልጉና የደረሰኙን ኮፒ በደብዳቤ ጠይቁ። የሞዴሉን ቁጥርና መለኪያውን እስከ መጨረሻው አመሳክሩ፤ ተከሳሹ የሚከራከረው «የኔ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ነውና።

ግዥን በቫውቸር ማየት

ከጨረታ ለማምለጥ ከፋፍሎ መግዛት በአንድ ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ላይ በፍጹም አይታይም። የዓመቱን ክፍያ በሙሉ ኤክሴል ላይ አውጡና በአቅራቢ፣ ከዚያ በዕቃ፣ ከዚያ በቀን ደርድሩት። ከአንድ ሱቅ በአንድ ወር ስድስት ጊዜ ቶነር ተገዝቶ ሁሉም ከጨረታ ጣሪያው፣ ማለትም ያለ ጨረታ መግዛት ከሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ታዩታላችሁ። ጣሪያው በመመሪያ ስለሚቀያየር ግዥው በተፈጸመበት ቀን የነበረውን መመሪያ ተጠቀሙ።

ሞዴል 19ን እንደ ዕቃ መቁጠር

ሞዴል 19 ዕቃ ገባ ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ዕቃው ራሱ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው መጋዘኑ በር ላይ ነው። ቆጠራውን በሁለት አቅጣጫ አድርጉ፦ ከቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ተነስታችሁ ዕቃውን ፈልጉ፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ካለ ዕቃ ተነስታችሁ ካርዱን ፈልጉ። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የቆጠረ ሰው ግማሹን አላየም። የሞዴል 19 ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ግለጡት፤ ቁጥሩ እየጨመረ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ቁሙ።

በዓይን የማይታይን ነገር በልኬት ፈትኑት። 400 ኩንታል ሲሚንቶ በአንድ ቀን ገቢ ሆኗል ይላል ወረቀቱ። 400 ኩንታል ማለት ባለ 50 ኪሎ 800 ከረጢት ነው። አሥር አሥሩ ቢደረደር 80 ቁልል ይሆናል፤ አንድ ከረጢት ወደ ሩብ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ስለሚይዝ መተላለፊያ ሳይቆጠር 20 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። መጋዘኑን በሜትር ለኩት። 12 ካሬ ሜትር ከሆነና ያን ቀን ሌላ ዕቃም ነበረበት ከተባለ፣ ሲሚንቶው የት እንዳደረ የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ወደ በሩ ሂዱ። የጥበቃ መዝገብ ከሁሉም የተሻለ ምስክር ነው፤ የመኪናው ሰሌዳ፣ ሰዓቱና የተጫነው ነገር በእርሳስም ቢሆን ተጽፎ ይገኛል፤ ፋይል የሚያሳምር ሰው ደግሞ የጥበቃውን መዝገብ ማሳመር ትዝ አይለውም። ጥበቃዎቹን በአክብሮት ጠይቋቸው። በብዙ መሥሪያ ቤት ማንም ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

ነዳጅ፣ ደመወዝ፣ አበል

በነዳጅ ላይ የታንኩን መጠን እወቁ፤ 80 ሊትር የሚይዝ መኪና በአንድ ጊዜ 130 ሊትር አይቀዳም። ከ2015 ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ መሆኑ ስለጠቀማችሁ ሰዓቱን ከመኪናው የጉዞ ፈቃድ ጋር አመሳክሩ። ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ስም አታመሳክሩ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አመሳክሩ፣ ሁለት ስም አንድ ቁጥር ላይ ሲወድቅ ታገኙታላችሁ። ውሎ አበል ላይ ደግሞ መስክ ነበርኩ ያለው ሰው በዚያው ቀን ቢሮ ውስጥ የፈረመበትን ቃለ ጉባኤ ፈልጉ።

ዋናውን ወረቀት መንካት

ያገኛችሁትን ማስረጃ የምታጡት እዚህ ነው። የኦዲተር እጅ ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶ ይወዳል። የተጠረጠረ ቫውቸር ላይ ክብ ይሠራል፣ ጥያቄ ምልክት ያደርጋል፣ ስቴፕለር ይመታል፣ ለማስቀመጥ ብሎ ይበሳል። ያ ወረቀት ነገ ለፊርማ ምርመራ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል። የተከሳሹ ጠበቃ «ይህን የጻፈው ማነው? ሌላስ ምን ጨምሮበታል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አይኖራችሁም።

ምልክታችሁን ሁሉ ኮፒው ላይ አድርጉ። ዋናውን በፖስታ ክተቱት፤ በፖስታው ላይ የምትጽፉት ወረቀቱን ከማስገባታችሁ በፊት ይሁን፣ ካስገባችሁ በኋላ ከጻፋችሁ የእስክሪብቶው ግፊት ውስጥ ያለው ፊርማ ላይ አሻራ ይተዋል። ከማን፣ መቼ፣ ስንት ገጽ እንደተረከባችሁ በመረካከቢያ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ወረቀቱ በተዘዋወረ ቁጥር ይኸው ይደገም። የተጠርጣሪውን ኮምፒውተር «እስኪ ፋይሉን ልየው» ብላችሁ አትክፈቱ፤ በከፈታችሁት ቁጥር ቀኑ ይቀየራል። ጠፍቶ ከሆነ እንደጠፋ ይቆይ፣ ክፍሉ ይታሸግ፣ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ።

ሰውየውን ቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነው። ከቅንነት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ «መልስ ይኖረው ይሆናል» ብላችሁ ነው። መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ተራው ግን ወረቀቱ፣ ጥራዙ፣ የጥበቃ መዝገቡና የሱቁ ቀሪ እጃችሁ ከገቡ በኋላ ነው። ዛሬ ከሰዓት ተጠይቆ ነገ ጠዋት «ፋይሉ ውሃ ነካው» የተባለበት ጉዳይ ብዙ ነው።

ባንክ የሚሠራ ጓደኛን መጠየቅ

አታድርጉት። የሰው ሒሳብ በወዳጅነት የሚታይ ነገር አይደለም፤ ጓደኛችሁን ከሥራው ታስወጡታላችሁ፣ ያገኛችሁትም መረጃ ፍርድ ቤት አይቀርብም። የባንክ መረጃ በመርማሪና በዐቃቤ ሕግ በኩል በሕግ ሥርዓት ይጠየቃል። ባንኩ ራሱ የሚያጠራጥር ዝውውር ካየ በአዋጅ ቁጥር 780/2005 መሠረት ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ያሳውቃል፤ ሪፖርት መደረጉን ለደንበኛው ሹክ ማለት ደግሞ ወንጀል ነው። በቀና ልብ የጀመራችሁት ጥያቄ ያንን ሹክሹክታ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

«ትኩረት ቢሰጠው» ብሎ መጨረስ

ሪፖርታችሁ ላይ «ሰርቋል» አትበሉ፤ እሱን የሚለው ፍርድ ቤት ነው። «አሠራሩ ቢስተካከል፣ ትኩረት ቢሰጠው» ብላችሁም አታለሳልሱት። የቫውቸር ቁጥር፣ ቀን፣ የብር መጠን፣ ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንዳጸደቀ፣ ማን እንደተረከበ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል፣ ቦታው ላይ ምን እንደተገኘ። እሱ ይበቃል።

የት እንደሚላክ አለማወቅ

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ጀምሮ ያለ ተቋም ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ዛሬም እሱ መርምሮ እንደሚከስ ታስባላችሁ። በ2008 በወጣው አዋጅ ቁጥር 943 የምርመራና የክስ ሥራው ከኮሚሽኑ ወጥቷል፤ አሁን የሚመረምረው ፖሊስ፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። ኮሚሽኑ ጥቆማ ተቀብሎ ለሚመለከተው ያስተላልፋል፣ መከላከልና ሀብት ምዝገባ ላይም ይሠራል። አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የምትሠሩም «ሙስና የመንግሥት ጉዳይ ነው» አትበሉ፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶችንም ይመለከታል።

የነገራችሁን ሰው ስም መጻፍ

መጋዘን ሠራተኛዋ ዕቃው እንዳልገባ በጆሯችሁ ነግራችሁ ይሆናል። ጥበቃው መዝገቡን ደብቆ አቆይቶላችሁ ይሆናል። ሪፖርቱ ግን በሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በኩል ያልፋል፣ በአራት እጅ ይነበባል፣ በነጋታው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ጥበቃው ግን በራሱ አይመጣም፣ ይጠየቃል፣ የወንጀሉ ክብደትና የሚያሰጋው አደጋ ይመዘናል። እስከዚያ ድረስ ያለው ጥበቃ የእናንተ እጅ ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ጾታ፣ የተነጋገራችሁበትን ቀን አትጻፉ። «ምንጭ 1» በሉ። የቁጥሩን ፍቺ በአንድ ወረቀት ላይ በእጅ ጻፉና በታሸገ ፖስታ ለመርማሪው በአካል አስረክቡ፤ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ፣ በቴሌግራም አይላክ። የነገረቻችሁን ነገር ከእሷ ሌላ የሚያረጋግጥ ወረቀት እስክታገኙም ፈልጉ፤ ያንን ካገኛችሁ የእሷ ስም ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።