በደጅ የማገዶ ምድጃ የሚሞቅ የጣውላ ማድረቂያ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ

በገዛ እጁ በሠራው ክፍል ጣውላ ለማድረቅ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ እሳቱ ነው። ይሁን እንጂ ደጅ ተተክሎ ውሃ የሚያሞቅ የማገዶ ምድጃ ለአነስተኛ ማድረቂያ ሙቀት አያንሰውም። አስቸጋሪው ሥራ ሙቀቱን በልክ መያዝና ከእንጨቱ የሚወጣውን ውሃ ከክፍሉ ማስወጣት ነው።

ይህን ለመረዳት ግንባታው ሳይጀመር ቀላል ስሌት መሥራት ይበቃል። የእንጨት እርጥበት የሚሰላው ፍጹም ከደረቀ ክብደቱ አንጻር ነው። ደረቅ ክብደቱ 800 ኪሎ የሆነ 2 ሜትር ኩብ ያህል ቀላል እንጨት ከ60 በመቶ ወደ 10 በመቶ እርጥበት እንዲወርድ ከተፈለገ 400 ኪሎ ውሃ መውጣት አለበት። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ለትነቱ ብቻ 260 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በግድግዳና በአየር ማስወጫ የሚባክነው ሲታሰብ እጥፉን መያዝ ይሻላል። ሥራው 10 ቀን ቢወስድ፣ በአማካይ የሚያስፈልገው ከ2 ኪሎዋት እምብዛም የማይበልጥ ኃይል ነው። በደንብ የደረቀ ማገዶ በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥና ምድጃው ግማሹን ብቻ ወደ ውሃው ያሳልፋል ብለን ብንወስድ፣ ጠቅላላው ፍጆታ 260 ኪሎ ማገዶ ገደማ ይሆናል። ትልቅ ምድጃ ለዚህች ሥራ ብቻ ሲነድ ብዙውን ሰዓት ታፍኖ ስለሚጨስ፣ እኔ የምመክረው ቤት ወይም የመታጠቢያ ውሃ ለሚያሞቅ ምድጃ ማድረቂያውን ተጨማሪ አገልግሎት ማድረግ ነው።

ክፍሉ ሲሠራ ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ ብቻ ሳይሆኑ ወለሉም ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መሞላት አለበት። እርጥበት የሚከለክለው ወፍራም ላስቲክ ወይም ቀለም በሞቃቱ፣ ማለትም በውስጠኛው ገጽ በኩል ይሁን፤ ይህ ከተዘነጋ እንፋሎቱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ውሃ ይሆንና ክፍሉ ራሱ መበስበስ ይጀምራል። ከጣውላው ቁልል በላይ የሐሰት ጣሪያ ተሠርቶ ማራገቢያዎቹና የምድጃው ትኩስ ውሃ የሚያልፍበት ራዲያተር እዚያ ይገጠማሉ። አየሩ ራዲያተሩን አልፎ በአንድ ጎን ይወርዳል፣ በጣውላዎቹ መካከል ይሻገራል፣ በሌላው ጎን ተመልሶ ይወጣል። በቁልሉ ጎን፣ ከላይ ወይም ከታች ሌላ ቀዳዳ ካገኘ ግን በዚያ ስለሚያልፍ፣ ክፍተቱ ሁሉ በሸራ ወይም በሰሌዳ መዘጋት አለበት። በተጨማሪም ክዳን ያላቸው አየር ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ።

ከምድጃው የሚመጣውና የሚመለሰው ቧንቧ በሚገባ ተሸፍኖ ውሃ በማያስገባ ማቀፊያ ይቀበር፤ እርጥብ አፈር የነካው ትኩስ ቧንቧ የሚያሞቀው ምድሩን ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ውሃ አልፎ በራዲያተሩ ላይ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 7 ኪሎዋት ያህል ስለሚሰጥ፣ ግዙፍ ፓምፕ አያስፈልግም። ቴርሞስታቱ የሚቆጣጠረው የውሃውን ቫልቭ ይሁን እንጂ ማራገቢያውን አያጥፋ፤ ማራገቢያው በቆመበት ሰዓት እርጥብ አየር በጣውላዎቹ መካከል ይተኛና ሻጋታ ያወጣል። ወደ ምድጃው የሚመለሰው ውሃ ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ደግሞ በምድጃው ግድግዳ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ስለሚጋገርና ብረቱን ስለሚበላው፣ ትኩሱን ከተመላሹ የሚቀላቅል ቫልቭ መግጠም ብልህነት ነው።

የምድጃው መተንፈሻ በምንም ምክንያት አይደፈን፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ቢፈላ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ምድጃውም ከማድረቂያውና ከመጋዝ ዱቄት ክምር ርቆ ይተከል።

ጣውላ ሲደረደር በየረድፉ መካከል 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ማለያያ እንጨቶች ከ40 እስከ 60 ሴንቲሜትር እየተራራቁ ይቀመጣሉ። ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መስመር መዋል አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ከሸሸ ከበላዩ ያለው ክብደት ጣውላውን ያጎብጠዋል። የጣውላው ጫፎች በወፍራም ቀለም ይቀቡ፤ አናቱ ላይም ከባድ ነገር ይጫን።

ማድረቁ ሲጀመር ትዕግሥት ያስፈልጋል። እንደ ፓይን ያለ ለስላሳ እንጨት በ55 ዲግሪ ቢጀመር ይችላል፤ እርጥብ ኦክ ግን ከ43 ዲግሪ ገደማ መጀመር አለበት፤ በዚያ ጊዜ በደረቅ ቴርሞሜትርና በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለው ቴርሞሜትር መካከል ያለው ልዩነት (ልዩነቱ ሲያንስ አየሩ እርጥብ ነው ማለት ነው) ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ደጅ ላይ ቆሞ እያለ ክፍሉን በ43 ማቆየት ለብዙዎች ያስቸግራል፤ የሚሰነጠቀው ጣውላ አብዛኛው የሚሰነጠቀው በዚሁ ጊዜ ነው። የሚያሳስተው ደግሞ ፀጉር የመሰለው የገጽ ስንጥቅ እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሶ ስለሚገጥም ሳይታይ መቅረቱ ነው፤ የሚገለጠው ጣውላው በመላጊያ ሲላግ ነው። ስለዚህ ኦክን በጥላ ሥር እስከ 25 ወይም 30 በመቶ ድረስ በነፋስ አድርቆ ማስገባት እጅግ ይቀላል።

እርጥበቱን ለማወቅ ናሙና ጣውላዎች ከቁልሉ በቀላሉ በሚወጡበት ቦታ ተቀምጠው በየቀኑ ይመዘናሉ። ከጣውላው የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ በ103 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ደርቆ ሲመዘን የመነሻው እርጥበት ይገኛል። እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እስከ 65 ወይም 70 ዲግሪ ማሳደግና አየር ማስወጫውን መክፈት ይቻላል። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በውስጡ ያለው ነፍሳት ይሞታል፤ በዓለም አቀፍ ንግድ ለሚውል የእንጨት ማሸጊያ የተደነገገውም ይኸው ነው።

ከመጨረስዎ በፊት ከአንድ ጣውላ መካከል በአግድም ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው ውስጡን በመጋዝ በማውጣት ሁለት ጥርስ ያለው ሹካ ያስመስሉት። ጥርሶቹ ወዲያው ወደ ውስጥ ከተቃቀፉ ጣውላው ውጥረት ይዟል፤ በቁመቱ ሲቆረጥ መጋዙን ይይዛል፣ ይጣመማልም። በዚህ ጊዜ ክፍሉን እንደሞቀ ዘግተው ውሃ በመርጨት ወይም እንፋሎት በማስገባት ለጥቂት ሰዓታት አርጥበው እንደገና ይፈትኑት። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ የውሃውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ነገር ግን ማራገቢያው እየሠራ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ጣውላው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።