አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳታ ካርድ ስትጨምሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሳታ ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ለዲስክ ተጨማሪ መሰኪያ የሚሰጥ ካርድ ነው። ኬብል መቀየር፣ ካርዱን ነቅሎ መሰካት፣ ሌላ ስሎት መሞከር የምታውቁት ነው። እሱን አልደግመውም።

ዊንዶውስ ላይ ዲስኩ ይታያል፤ ቡት ግን አያደርግም (ኮምፒውተሩ ከእሱ አይነሳም)

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ሰው ለአሮጌ ዴስክቶፑ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይገዛል። እንዲፈጥንለት ብሎ ሳታ ካርድ ይጨምራል። ዊንዶውሱን ወደ ኤስኤስዲው ያዛውርና ካርዱ ላይ ይሰካዋል። ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ ቡት የሚያደርግ ዲስክ የለም ይለዋል። ኤስኤስዲው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሮጣል።

ኤስኤስዲው ደህና ነው። አሮጌ ማዘርቦርድ ሲነሳ በራሱ የሚያውቀው የራሱን የዲስክ መሰኪያዎች ብቻ ነው። ካርድ ላይ ያለውን ዲስክ የሚያሳየው የካርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው፤ ኦፕሽን ሮም ይባላል። ካርዱ ባዮስ ከሌለው ቡት የለም። ዊንዶውስ አንዴ ከሌላ ዲስክ ከተነሳ ግን በድራይቨር (ካርዱን በሚያስተዋውቀው ፕሮግራም) ስለሚያየው ዲስኩ ይታያል። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው።

ኤኤስኤም1061 ቺፕ ያለውን ካርድ ውሰዱ፤ ገበያ ላይ ሞልቷል። ከዋናው ቺፕ አጠገብ ስምንት እግር ያላት፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የምታንስ ቺፕ መኖር አለባት። ባዮሱ እሷ ውስጥ ነው። ርካሾቹ ላይ ቦታዋ ባዶ ነው፤ ስምንት የብየዳ ነጥቦች ብቻ ያብረቀርቃሉ። ለጥቂት ሳንቲም ብለው ይተዋታል፤ ካርቶኑ ላይ ግን አይጽፉትም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሳትከፍሉ በፊት ካርዱን አውጥታችሁ እዩ።

ቺፗ ካለች ኮምፒውተሩ ሲነሳ የካርዱ ስምና የዲስኮቹ ዝርዝር ለጥቂት ሰከንድ ማለፍ አለበት። የፋብሪካው ሎጎ ከሸፈነው ሎጎውን ከማዘርቦርዱ ባዮስ አጥፉት። አሁንም ካልታየ ባዮስ ውስጥ ኦፕሽን ሮም ተዘግቶ እንደሆነ ፈትሹ።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ሁለት ካርድ ገዝታ መጣች። ሁለቱም ቦታው ባዶ የሆነ። እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ሌላ ጥገና ቤት ሊያስተካክሉላት ብለው ዲስኩን ፎርማት አድርገውባታል። የዓመት ሥራዋ ሄደ። መፍትሄው የአምስት ደቂቃ ነበር፦ ኤስኤስዲው ማዘርቦርዱ ላይ፣ የፋይል ዲስኩ ካርዱ ላይ። እባካችሁ፣ ባክአፕ ሳትይዙ ማንም ፎርማት እንዲያደርግ አትፍቀዱ።

ደግሞ በፍጥነትም አትጎዱም። ካርዱ የሚሰካበት የመጀመሪያው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አጭሩ ስሎት በሰከንድ 250 ሜጋባይት ነው። የማዘርቦርዱ ሳታ 2 እስከ 300 ይሄዳል። ማዘርቦርዱ አይዲኢ (ከሳታ በፊት የነበረው ሰፊ መሰኪያ) ብቻ ከሆነ ግን ምርጫ የላችሁም፤ ባዮስ ያለው ካርድ ፈልጉ።

ዲስኩ ጭራሽ አይታይም

የቆየ ፒሲአይ (ከፒሲአይ ኤክስፕረስ በፊት የነበረው ስሎት) ካርድ ከሆነ ቺፑን አንብቡ። ቪአይኤ ቪቲ6421 ከሆነ ብዙ አትድከሙ። የ1.5 ጊጋቢት ቺፕ ነው፤ ከአዳዲስ ዲስኮች ጋር ብዙ ጊዜ አይግባባም። ሃርድ ዲስኩ የጃምፐር እግር (በትንሽ ቆብ የሚገናኙ ፒኖች) ካለው ፍጥነቱን ወደ 1.5 አውርዱት። ኤስኤስዲ ጃምፐር የለውም፤ ካርዱን ቀይሩ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ብሉ ስክሪን (ሰማያዊ የስህተት ገጽ) ያወጣል፣ ቁጥሩ 7ቢ

ድራይቨር ሳይጫን ዲስኩ ወደ ካርዱ ስለተዛወረ ነው። ዲስኩን ማዘርቦርዱ ላይ መልሱት። ካርዱን ባዶውን ስኩና አስነሱ። ድራይቨሩን ጫኑ፣ አጥፉ፣ ከዚያ ኬብሉን አዛውሩ። ፎርማት አያስፈልግም።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ፒሲአይ ላይ ኤስኤስዲ ተንቀረፈፈ፦ ስሎቶቹ ሁሉ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ይካፈላሉ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ኤንቪኤምኢ (በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራ ኤስኤስዲ) በአሮጌ ባዮስ፦ ለፋይል ይሆናል፣ ለቡት ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ካርዱ ቀጭን ኬዝ ውስጥ አልገባ አለ፦ የጀርባ ብረቱን በአጭሩ ቀይሩለት። ካርዱን አታጉብጡት፣ አትቁረጡት!

ዲስኩ እየጠፋ ይመለሳል፦ ከባለ አራት ቀዳዳው የፓወር መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይረውን ኬብል እዩ። ጫፉ አንድ ወጥ ሆኖ የተቀለጠ ፕላስቲክ ከሆነ አውጥታችሁ ጣሉት። ውስጡ ሽቦ ከሽቦ ይነካካና ይቃጠላል። ጠቁሮና ቀልጦ አይቻለሁ። ሽቦው አንድ በአንድ ተነክሶ የገባበትን ግዙ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ደግሞ ወዲያው ከሶኬቱ ንቀሉ።