የሞተር ካቴና ቤት ውስጥ ስናጸዳና ዘይት ስንቀባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከኮረኮንች መንገድ የገባ ሞተር ካለ ካቴናውን በጣታችሁ ንኩት። ጥቁር፣ ወፈር ያለ ነገር ይይዛችኋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አሸት ስታደርጉት ይቆረቁራል፤ ደቃቅ አሸዋና የብረት ብናኝ ነው። አንዱ ይህን አይቶ «ዘይት አለው፣ ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «ደረቅ ብሏል» ይልና ከላይ ሌላ ዘይት ያፈስበታል። የሁለቱም ካቴና ከጊዜው በፊት ያልቃል። በእኔ ግምት እኛ አገር ካቴና ቶሎ የሚጣልበት ዋናው ምክንያት ሳይጠረግ ዘይት እየተደረበበት መሆኑ ነው።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ግማሽ ሃይላንድ ነጭ ጋዝ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፣ ጎማው ላይ እንዳይረጭ ከኋላ የሚያዝ ካርቶን፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት ወይም የካቴና ስፕሬይ ይበቃል። ስህተቱ የሚመጣው አሠራሩ ላይ ነው።

ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ ማጽዳት

ሌሎቹ ስህተቶች ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ይሄኛው ጣት ያሳጣልና ላስቀድመው። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ያቆሙታል፣ አስነስተው አንደኛ ማርሽ ያስገባሉ፣ ጎማው በራሱ ሲዞር ጨርቅ ይዘው ካቴናውን ይጨብጡታል። ሥራው ይፈጥናል፣ እጅም አይደክምም። ጨርቁ በካቴናውና በጥርሱ (ካቴናው በሚጠመጠምበት ባለ ሹል ክብ ብረት) መሃል የገባ ዕለት ግን እጅም አብሮ ይገባል፤ ሚኒሞ ላይ ያለ፣ ማለትም ጋዝ ያልተሰጠው ሞተር እንኳ ጨርቁን ለመልቀቅ የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም።

ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ጎማው በእጅ ይዙር። የምታዞሩበት አቅጣጫም ለውጥ አለው። ጎማውን ወደ ኋላ ስታዞሩት የታችኛው ካቴና ከኋላው ጥርስ እየወጣ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከጥርሱ አጠገብ የያዛችሁት ጨርቅም ከጥርሱ ይርቃል። ወደ ፊት ካዞራችሁት እዚያው ቦታ ላይ ያለው ካቴና ጨርቁን ይዞ ወደ ጥርሱ ይገባል። ላይኛው ካቴና ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ እጃችሁን ከታች ብቻ አድርጉ። ሰፈር ውስጥ ስትሠሩ «እኔ ላዙርልህ» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ አመስግኑትና አይዙር። ጎማውን የሚያዞረው እጁ ካቴናው ላይ ያለው ሰው ራሱ መሆን አለበት።

የመሃል ማቆሚያ የሌለው ሞተር ላይ ድንጋይ ደርድሮ ጎማ ማንጠልጠል አያስፈልግም። በጎን ማቆሚያው አቁማችሁ የምትደርሱበትን ጠርጉ፣ ሞተሩን ትንሽ ገፋ አድርጉ፣ ቀጣዩን ጠርጉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሞተሩ እላያችሁ ላይ አይወድቅም።

በአፈር ላይ ዘይት መደረብ

የካቴናን ውስጥ ያላየ ሰው የሚታየው ብረት ከጥርሱ ጋር ሲፋተግ የሚያልቅ ይመስለዋል። ዋናው ማለቅ የሚካሄደው ግን ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ፒን አለ፣ ፒኑን ያቀፈ ቀጭን ቱቦ አለ፣ ካቴናው ጥርስ ላይ በታጠፈ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ ይፋተጋሉ። እዚያ የገባ ንጹህ ዘይት ያድናቸዋል። አሸዋ የተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ እንደ ሞረድ ይሞርዳቸዋል። «ካቴናው ረገበ፣ ተለጠጠ» የምንለው ይህንኑ ነው፤ ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተሳበም። 120 መገጣጠሚያ ያለው ካቴና በእያንዳንዱ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያልቅ በጠቅላላው 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጥረግ ነው። ብሩሹን ነጭ ጋዝ አስነክታችሁ የካቴናውን አራቱንም ገጽ፣ በተለይ በጎንና ጎን ቅጠሎቹ (መገጣጠሚያዎቹን ከግራና ከቀኝ የያዙት ስስ ብረቶች) መሃል ያለውን ቦታ እሹት። ከዚያ ጨርቁን ጠቅልላችሁ ካቴናውን ያዙና ጎማውን አዙሩ። የመጀመሪያው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግራጫ ሲሆን በቂ ነው። እንደ አዲስ እስኪያብረቀርቅ ድረስ መፈግፈግ ለፎቶ እንጂ ለካቴናው የሚጨምረው ነገር የለም። የኋላውን ጥርስ መሃል ለመሃል መጥረግ ግን እንዳትረሱ፤ አፈሩ እዚያ ከቀረ በማግስቱ ወደ ካቴናው ይመለሳል። የቆሸሸውን ነጭ ጋዝ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሙትና ዘይት ለሚቀይሩ ጋራዦች ስጡት፤ ቦይ ውስጥ ወይም ጓሮ አይደፋም። ሲሠሩ ደግሞ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ቅርብ አለመኖሩን ማየት ነው።

አሁን ወደ ተቃጠለው ዘይት እንምጣ። ከሞተር የወጣ ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ካቴና ላይ የሚያንጠባጥበው ሰው ብዙ ነው። ያ ዘይት ግን የወጣው ቆሽሾ ነው፤ ጥላሸት አለው፣ ከሞተሩ ውስጥ የተፋቀ ብረት አለው፣ አሲድነትም አዳብሯል። አሸዋውን ጠርጋችሁ ስታበቁ የብረት ብናኝ መልሳችሁ እያስገባችሁ ነው። ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲነካም ጤና ይጎዳል። ምንም የሌለው ሰው ከደረቅ ካቴና ይሻላል ይል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይሻላል። ግን አንድ ሊትር የካምቢዮ ዘይት፣ 80 ወይም 90 ቁጥሩ፣ ለካቴና ብቻ ከተጠቀማችሁበት ብዙ ወር ያገለግላል፤ በርካታ የሞተር አምራቾችም በመመሪያቸው ላይ የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

ግራሶ የሚለቀልቁም አሉ። ግራሶ ለኩሽኔታ ጥሩ ነው፤ ካቴና ላይ ግን ከወፍራምነቱ የተነሳ ፒኑ ጋ አይደርስም፣ ውጭ ላይ ተለጥፎ የበጋውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት ደግሞ ቆይቶ ሙጫ ይሆናል። ደብሊውዲ 40 እርጥበት ለማባረርና ዝገት ለማላቀቅ ይረዳል፣ የሚተወው ሽፋን ግን ስስ ነውና ከእሱ በኋላ ዘይት ያስፈልጋል።

ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ

የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የካቴናውን ጎን በቅርብ እዩት። በውጭኛውና በውስጠኛው ቅጠል መሃል ቀጭን ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ከታያችሁ ካቴናው ኦሪንግ ያለው ነው። ካልታያችሁ ተራው ነው፤ በየከተማው የምናያቸው ትንንሽ ሞተሮች በብዛት የሚመጡት በተራው ነው።

ኦሪንግ ያለው ካቴና ፒኑ ጋ ያለው ግራሶ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነው። ላስቲኩ ከተበላ ግራሶው ይወጣል፣ ውሃና አፈር ይገባል፤ ከውጭ የምትቀቡት ዘይት አይተካውም። ቤንዚን ላስቲኩን ያበላሸዋል፣ የሽቦ ብሩሽ ይቀደዋል። ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ተጠቀሙ፣ አታዘፍዝፉት፣ ወዲያው አድርቁት። «ኦሪንግ ካለው ዘይት አያስፈልገውም» የሚሉም አትስሙ፤ ላስቲኩ እንዳይደርቅ፣ ውጭው እንዳይዝግና ጥርስ ላይ የሚንከባለለው ክፍል እንዳይበላ ዘይት ይፈልጋል።

ተራው ካቴና ቻይ ነው፤ ናፍጣም ይችላል። ቤንዚን ግን ለእሱም ቢሆን አያስፈልግም፤ ተኑ ከሩቅ እሳት ይስባልና።

ላቫጆ ላይ ማስረከብ

በግፊት የሚወጣ ውሃ ከውጭ ያለውን ዘይት አጥቦ ይወስዳል፣ የቀረውን አፈር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ኦሪንግንም አልፎ ይገባል። ሞተሩ ይታጠብ፤ ልጁን ግን «ካቴናውንና የጎማውን ኩሽኔታ በቅርብ አትምታብኝ» በሉት። ከታጠበ በኋላ ጠርጎ፣ ትንሽ ነድቶ አድርቆ በዚያው ቀን ዘይት መቀባት ነው። ክረምት ላይ በጭቃና በዝናብ ከተነዳም እንደዚያው። በደረቅ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ አንዴ ይበቃል፤ መንገዱ አቧራ ከሆነ ወደ 500ው ጠጋ በሉ።

ዘይቱን ከላይ ማርከፍከፍ

ካቴናው ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ከላይ ወይም ከውጭ በኩል የቀባችሁት ዘይት ቀጥታ ወደ መሸፈኛው፣ ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው ይሄዳል። የታችኛውን ካቴና ውስጠኛ ገጽ፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያየውንና ጥርሱን የሚነካውን ገጽ ቀቡ፤ ሲዞር ዘይቱ በመገጣጠሚያዎቹ በኩል ዘልቆ ይወጣል። ከተቻለ በሁለቱም በኩል ቅጠል ከቅጠል የሚደራረብበት መስመር ላይ ጠብታ ጠብታ አድርጉ። መርፌ የተነቀለለት ሲሪንጅ ለዚህ ግሩም ነው፤ ከቆርቆሮ ማፍሰስና በሲሪንጅ ማንጠባጠብ በዘይት ብክነት አይገናኙም።

ጎማው ሁለት ሦስቴ ከዞረ ይበቃዋል። የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ሰው የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው፤ የገዛውን ዘይት መልሶ መጥረግ ይከብደዋል። ከውጭ የሚታየው ዘይት ግን አቧራ ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም።

ቀብቶ ወዲያው መውጣት

ጠዋት ከመውጣት በፊት መቀባት ልማድ ሆኗል። የሚሻለው ማታ፣ ከሥራ ሲገባ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ነው፤ ዘይቱ በቀላሉ ይገባል፣ ሌሊቱን ይረጋል። ስፕሬይ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ወዲያው ከነዳችሁት ተረጭቶ ጎማ ላይ ይቀመጣል፤ የኋላው ፍሬን ዲስክ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ላይ። ዘይት የነካው ጎማ ኩርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የተሸፈነውን መርሳት

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ የገጠር ሥራ ሞተሮች ካቴናቸው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። አቧራ ስለማያገኘው ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለማይታይ ግን ዓመት ሙሉ ማንም አይነካውም። የላስቲክ ውታፉን ነቅላችሁ በቀዳዳው እዩት።

ጠበቅ አድርጎ ማሰር

ካቴናው ከጸዳ በኋላ ብዙ ሰው መርገቡን ያያል፤ አፈሩ ይዞት የነበረው ይለቃልና። «ትንሽ ጠበቅ አድርግልኝ፣ ቶሎ እንዳይረግብ» የሚለው ልመና በየጋራዡ ይሰማል። ከረገበ ካቴና ይልቅ ከመጠን በላይ የጠበቀው ብዙ ያበላሻል። ሰው ሲጫንበትና አሞርዛተሩ ሲወርድ የፊቱ ጥርስ፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ መታጠፊያና የጎማው መሃል ወደ አንድ መስመር ይጠጋሉ፤ በዚያች ቅጽበት በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት ከሁሉ ይረዝማል። ሞተሩ ባዶ ቆሞ ሳለ ልኩን የጠበቀ የመሰለው ካቴና ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫንበት ይወጠራል። ውጥረቱን የሚሸከሙት የካምቢዮው መውጫ ኩሽኔታና የጎማው ኩሽኔታ ናቸው፤ የእነሱ ሒሳብ ከካቴና ሒሳብ ጋር አይወዳደርም።

የታችኛውን ካቴና መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ብዙዎቹ ትንንሽ የከተማ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ፤ ረጅም አሞርዛተር ያላቸው የገጠር ሞተሮች ከዚያ ይበልጣሉ። የእናንተን ቁጥር መመሪያው ላይ ወይም ክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታገኙታላችሁ። አንድ ቦታ ለክቶ ማቆም አይበቃም፤ ካቴና እኩል አያልቅም። ጎማውን እያዞራችሁ አራት አምስት ቦታ ለኩና ከሁሉ በጠበቀበት ቦታ ላይ ልኩን ስጡት።

የጎማውን ዳዶ ስታላሉ የግራና የቀኙን ማስተካከያ እኩል አዙሩ፣ ክንዱ ላይ ባለው ምልክት አመሳክሩ። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ በዘንግ የሚሠራው የኋላ ፍሬንም አብሮ ስለሚሳብ ፔዳሉን ረግጣችሁ እዩ፤ ዘንጉ ካልተላላ ፍሬኑ በትንሹ እንደተያዘ ሊነዳ ይችላል። ዳዶው ኮፒሊያ (እንዳይላላ በቀዳዳው ገብታ የምትታጠፍ ሽቦ) ካለው አሮጌውን አቃንቶ መመለስ የለም፤ አዲስ ይግባ።

ያለቀ ካቴና ማጽዳት

መጠኑ 428 ለሆነው ተራ ካቴና መለኪያው ቀላል ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወጠር አድርጋችሁ 21 ፒን ቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው መሃል እስከ መጨረሻው መሃል አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 259 ከደረሰ ነጭ ጋዙን አታባክኑ። ከኋላው ጥርስ ላይ ካቴናውን በእጅ ወደ ኋላ ስትስቡት የአንዱ ሹል ግማሽ ከታየም ያው ነው። የጥርሱ ሹሎች ወደ አንድ ወገን ከተንጋደዱ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ብዙ አይቆይም።

ክሊፑን ገልብጦ መመለስ

ካቴናውን አውልቆ ነጭ ጋዝ ውስጥ ማጠብ ለተራው ካቴና ይሠራል፣ ሲመለስ ግን ማያያዣው ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ ልብ በሉ። አንዱ ጫፏ ድፍን፣ ሌላው ክፍት ነው። ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ማየት አለበት፤ ላይኛው ካቴና ላይ ወደ ፊት፣ ታችኛው ላይ ወደ ኋላ። ተገልብጣ ከገባች የሆነ ነገር ክፍቱን ጫፍ ሲመታው ወልቃ ትሄዳለች። በካቻቪቴ ስትነቅሏት ተፈናጥራ ሣር ውስጥ ስለምትጠፋ ጨርቅ ሸፈን አድርጉባት፤ ላላ ካለች ወይም ከተጣመመች ደግሞ በአዲስ ቀይሯት።