ቀጭኗን መስመር ማዳን፦ ባለከፍተኛ ንፅፅር ሴሪፍ ፎንት እንዴት ይሠራበታል

የ«ቮግ» መጽሔትን ሽፋን ያየ ሰው ይህን የፊደል ዓይነት ያውቀዋል። የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ቪን፣ ልብ ብለው ይዩ፤ የግራ ክንዷ ደንደን ያለ ነው፣ የቀኙ ግን የፀጉር ያህል ቀጭን። ንፅፅር የሚባለው ይህ የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት ነው። ውበቱ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው፤ ሲበላሽም የሚበላሸው እዚያው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያቺ ቀጭን መስመር ሳትጠፋ አንባቢው ዓይን ድረስ እንድትደርስ ማድረግ ነው።

1. ፊደሉን አጉልተው ይመልከቱ

አንድ ፊደል ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ያጉሉ። ክቡን ኦ ቢወስዱ፣ ውፍረቱ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ፣ ቅጥነቱ ደግሞ ልክ አናቱና ሥሩ ላይ ነው፤ እንደ ቀደሙት ፊደላት ወደ ጎን አያዘነብልም። ሴሪፉ፣ ማለትም በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለችው እግር፣ ቀጥ ያለች ሰረዝ ናት፤ ከቋሚው ጋር የሚያያይዛት ቅስት የላትም ወይም እምብዛም አይታይም።

ይህ ቅርጽ የበሰለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ፓሪስ ውስጥ ፊርማን ዲዶ፣ ፓርማ ውስጥ ደግሞ ጃምባቲስታ ቦዶኒ (1740–1813 እ.ኤ.አ.) ሠሩት፤ ፎንቶቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ከእነሱ በፊት እንግሊዛዊው አታሚ ጆን ባስከርቪል ፊደሉን አጥርቶ ለመቅረጽ፣ ወረቀቱንም ለማለስለስ ብዙ ደክሟል። ሻካራ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ መስመር ጠርቶ አይወጣምና፣ ፊደሉ የወረቀቱን መሻሻል መጠበቅ ነበረበት።

2. ሒሳቡን ይሥሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የቀጭኗ መስመር ውፍረት የፎንቱ መጠን 1/50 ነው እንበል። በ72 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ርእስ ላይ 1.44 ፖይንት፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ያማረች መስመር ናት። ያንኑ ፎንት በ10 ፖይንት ሲጽፉት ግን 0.2 ፖይንት ብቻ ትቀራለች፤ ይህ 0.07 ሚሊ ሜትር ነው። ስክሪን ላይም እንዲሁ ነው፦ በ16 ፒክስል ጽሑፍ መስመሯ የአንድ ፒክስል ሲሶ ያህል ትሆናለች። ስክሪኑ ሲሶ ፒክስል መሥራት ስለማይችል በፈዛዛ ግራጫ ይተካታል። አንባቢው የሚያየው ተርታ የቆሙ ጥቁር ዘንጎችን ነው፤ ዓይን የሚያደክመውም ይህ ነው።

3. ለመጠኑ የተሠራውን ይምረጡ

መፍትሔው ድሮም የታወቀ ነው። የህትመት ፊደል ከእርሳስ ብረት ይሠራ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ይቀረጽ ስለነበር፣ የትንሹ ፊደል ቀጭን መስመር በአንጻሩ ወፈር ትደረግ ነበር። ዛሬም ጥሩ ፎንቶች ይህን ይጠብቃሉ። አይቲሲ ቦዶኒ ለ6፣ ለ12 እና ለ72 ፖይንት የተለያየ ቅርጽ አለው። የፊደል ንድፍ ባለሙያው ጆናታን ሄፍለር ለ«ሃርፐርስ ባዛር» መጽሔት የሠራው ዲዶ ደግሞ 7 አለው። በነጻ ከሚገኙት ቦዶኒ ሞዳ ከመጠኑ ጋር ይለዋወጣል። በስሙ ላይ «ዲስፕሌይ» የሚል ካለበት፣ ለምሳሌ ፕሌይፌር ዲስፕሌይ፣ ለርእስ የተሠራ ነውና ረጅም ጽሑፍ አይጻፉበት።

4. አየር ይስጡት

ትልቅ ርእስ ላይ ፊደላቱን ጠጋ ጠጋ ያድርጉ፤ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ግን ፈታ ያድርጓቸው። የኤ እና የቪን መገናኛ በእጅ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ግድ ነው። ቋሚዎቹ መስመሮች ዓይንን ወደ ታች ስለሚስቡ በመስመርና በመስመር መካከል ከለመዱት በላይ ክፍተት ይተዉ። እኔ ይህን ፎንት የምወደው ብዙ ባዶ ነጭ ቦታ መሀል ብቻውን ሲቆም ነው።

ፊደሉን በግድ ወደ ጎን አይለጥጡት፤ ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ግን ባለበት ይቀራል። ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ማጥቆርም ንፅፅሩን ይገድለዋል።

5. አጃቢ ይፈልጉለት

ለዋናው ጽሑፍ ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ሴሪፍ የሌለው ፎንት ይበቃል። ሁለት ባለከፍተኛ ንፅፅር ፎንቶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ይጣላሉ።

6. ከህትመት በፊት

አንድ ጊዜ የመጽሐፍ ሽፋን ስሠራ የደራሲውን ስም በጥቁር መደብ ላይ በነጭ፣ በትንሽ መጠን አስቀመጥኩት። ስክሪን ላይ ድንቅ ነበር። ታትሞ ሲመጣ ቀለሙ ወደ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ገብቶ ደፍኗቸው ስሙ ተቆራርጦ አገኘሁት። ጥቁሩ ከአራት ቀለም የተደባለቀ ስለነበር ቀለሞቹ ሲታተሙ እርስ በርስ ትንሽ መዛነፋቸው ብቻ በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጭ ፊደል ሲሆን አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን እወስዳለሁ፤ ፎቶ ላይ ከሆነ ደግሞ ጸጥ ያለ፣ ዝርዝር ያልበዛበት ቦታ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ሥራውን በእውነተኛ መጠኑ፣ በሚታተምበት ዓይነት ወረቀት ላይ ያትሙና በክንድ ርቀት ይዘው ኤች ፊደልን ይፈልጉ። መሀሏ ላይ ያለችው አግዳሚ ጠፍታ ሁለት ዘንግ ብቻ ከታየዎት፣ ወይ መጠኑን ይጨምሩ፣ ወይ ለትንሽ ጽሑፍ ወደተሠራው ቅርጽ ይቀይሩ።