ለቼዝ ፈረስ አንድ እርምጃ መጨመር

አዲስ የቼዝ ዓይነት ለመፍጠር ሰሌዳውን መቀየር አያስፈልግም፤ የአንዱን ጠጠር ሥልጣን መለወጥ ይበቃል። ንግሥቷም የመጣችው እንዲሁ ነው። በእኛ በድሮው የቼዝ ዓይነት፣ በሰንጠረዥ፣ በእሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሁሉም አቅጣጫ እስከ ሰሌዳው ጫፍ እንዲሄድ ሲፈቀድለት ጨዋታው ፈጠነ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ፈረሱን ምረጡ። የተለመደው ዝላዩ እንዳለ ሆኖ የፈርዙን እርምጃ ጨምሩለት፦ በሰያፍ አንድ ቤት። መሀል ሰሌዳ ላይ የሚደርስባቸው ቤቶች ከ8 ወደ 12 ያድጋሉ፤ ጥግ ላይ ግን ከ2 ወደ 3 ብቻ። በመነሻው ሰያፍ ቤቶቹን የራሱ ወታደሮች ስለያዟቸው አከፋፈቱ አይረበሽም።

ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙ ሰው የሚዘለውና መሀል ጨዋታ ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ጥያቄ ይኼ ነው፦ በአዲሱ እርምጃ መብላት ይቻላል ወይስ መሄድ ብቻ?

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መብላት ከተፈቀደ ፈረስን በወታደር ማባረር ይከብዳል፤ ወታደሩ ጠባቂ ከሌለው ፈረሱ ዞሮ ይበላዋል። የባሰው ንጉሡ ላይ ነው። ጥቁር ካስል አድርጎ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ተራ አንቀሳቅሶ ንጉሡን ወደ ጎን አስጠግቶ) ንጉሡ ከዚያ ወደ ኤች8 ገብቷል (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)፣ ወታደሮቹ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ናቸው፣ ግንቡ ከኤፍ8 ተነስቷል እንበል። ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ያሳርፋል። በተለመደው ቼዝ ንጉሡ ወደ ጂ8 ያመልጣል። እዚህ ግን ፈረሱ ጂ8ንም በሰያፍ ይመታል፤ ፈረሱን የሚበላ ከሌለ ማት ነው፣ ንጉሡ መውጫ አጥቶ ጨዋታው ያበቃል። ይህ ሲደጋገም ካስል ማድረግ ወጥመድ ይሆናል። መድኃኒቱ እርምጃውን ለመሄድ ብቻ ማድረግ ነው። በእኛ ግምት የሚሻለውም ይኼው ነው።

ሌላ ጠጠር ከመረጣችሁ መጀመሪያ የነጭን የመጀመሪያ እርምጃ መርምሩ። ለግንብ በፈለገው ጠጠር ሁሉ ላይ የመዝለል ሥልጣን ብትሰጡት፣ ነጭ ገና ሲጀምር ከኤ1 ተነስቶ ሁለቱን ወታደሮች ዘሎ የኤ8ን ግንብ ይበላል። ጨዋታው ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው። ንግሥቷ ላይ የፈረስ ዝላይ መጨመርም አይመከርም፤ ሲ3 ላይ ቆማ ኤ1 ያለውን ንጉሥ ያለማንም እገዛ ማት ታደርጋለች።

መፈተኛ ጊዜ ጅማ ላይ አይታጣም፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው። በአቦል አንድ፣ በቶና አንድ፣ በበረካ አንድ ጨዋታ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ፤ በሁለት ቀን 6 ይሞላል። ቀለም እየተቀያየራችሁ ተጫወቱ። የአራቱም ፈረሶች አንገት ላይ ቀይ ክር እሰሩ፤ ካልሆነ እጅ ልማዱን ይከተልና አዲሱ እርምጃ ይረሳል። እርምጃው በተሠራበት ቁጥር አንድ የቡና ፍሬ ስኒ ውስጥ ጣሉ።

ከ6 ጨዋታ በኋላ ስኒው ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ ብቻ ካለ ሥልጣኑ አንሷል፤ መብላትን ፍቀዱለት፣ ግን ወደፊት ሲራመድ ሳይሆን ወደኋላ ሲመለስ ብቻ። ያኔ ኤፍ7 ላይ ያለው ነጭ ፈረስ ጂ8ን አይመታም።