ኢሜይል ሲመለስ፣ ስፓም ውስጥ ሲወድቅ ወይም ሳይመሰጠር ሲያልፍ፦ በሰርቨሮች መካከል የማረጋገጫና የምስጠራ ችግርና መፍትሄ

አንዱ ሰርቨር ለሌላው ኢሜይል የሚያቀብልበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበትም ሆነ መልእክቱን የሚመሰጥርበት መንገድ አልነበረውም። ምስጠራው በ1999 በስታርትቲኤልኤስ (ግንኙነቱን ወደ ተመሰጠረ በሚያሸጋግር ትእዛዝ)፣ የማንነት ማረጋገጫው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በኤስፒኤፍ (ለዶሜይኑ መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር)፣ በዲኪም (መልእክቱ ላይ የሚደረግ ዲጂታል ፊርማ) እና በዲማርክ (የሁለቱን ውጤት ከሚታየው ላኪ ጋር የሚያስተያይ ፖሊሲ) አማካይነት ተደረበበት። ኋላ የተደረበ ነገር በመሆኑም ብዙ ሰርቨሮች ጥበቃው ሳይሳካ ሲቀር መልእክቱን ከማስቀረት ይልቅ ዝም ብለው ሲያሳልፉት ኖረዋል። ስለዚህ ስህተቱ በተሠራበት ቀንና ምልክቱ በታየበት ቀን መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። «ምንም ሳንነካ ኢሜይላችን መመለስ ጀመረ» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የተለወጠው የተቀባዩ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ የሚነበበው የተመለሰው ኮድ ነው

ማንኛውም የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ማውጫ) መዝገብ ከመነካቱ በፊት ተቀባዩ ሰርቨር የሰጠውን መልስ እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። በ4 የሚጀምር ኮድ መልእክቱ ወረፋ ላይ እንዳለና ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ እንደሚሞክር ሲያመለክት፣ በ5 የሚጀምረው ግን የለየለት እምቢታ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ሦስት ክፍል ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል፦ 5.7.20 ሲል ያለፈ የዲኪም ፊርማ አላገኘሁም፣ 5.7.23 ሲል ኤስፒኤፍ ወድቋል፣ 5.7.25 ሲል የላኪው አይፒ አድራሻ ወደ ስም ሲመለስ አልተረጋገጠም፣ 5.7.26 ሲል ደግሞ ከአንድ በላይ ማረጋገጫ ወድቋል ማለቱ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ሁሉንም በ5.7.1 ጠቅልለው ስለሚመልሱ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ዐረፍተ ነገርም ማንበብ ይገባል።

መልእክቱ ሳይመለስ ስፓም ውስጥ ከገባ የሚረዳው በተቀባዩ ሣጥን ያለው ቅጂ ነው። የመልእክቱን ሙሉ ሄደር (ከጽሑፉ በላይ ያለውን የጉዞ መረጃ) ከፍቶ «ኦተንቲኬሽን-ሪዘልትስ» የሚለውን መስመር ሲፈልጉ «ኤስፒኤፍ=ፓስ፣ ዲኪም=ፌይል፣ ዲማርክ=ፌይል» የሚመስል ፍርድ ይገኛል፤ ከዚህ በኋላ በግምት መሄድ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ይህን መስመር ማንም አስመስሎ ሊጽፈው ስለሚችል የሚታመነው የተቀባዩ የራሱ ሰርቨር የጻፈው ብቻ ነው።

ኤስፒኤፍ ትናንት ያልፍ ነበር፤ ዛሬ «ፐርምኤረር» ይላል

በዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የማገኘው ምክንያት ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የዜና መጽሔት መላኪያ አገልግሎት ይገዛል፤ የአገልግሎቱ መመሪያ «ይህን መዝገብ ወደ ዲኤንኤስዎ ይጨምሩ» ይላል፤ ሠራተኛውም እንደተባለው ከነበረው በታች ሌላ መስመር ይጨምራል። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ደንቡ ግን ለአንድ ስም ከአንድ በላይ የኤስፒኤፍ መዝገብ ከተገኘ ውጤቱ ቋሚ ስህተት («ፐርምኤረር») እንዲሆን ስለሚያዝ፣ አዲሱ መስመር ነባሩንም ይዞት ይወድቃል። መፍትሄው አዲሱን «ኢንክሉድ» (የአገልግሎቱን ዝርዝር የሚጠራውን ቃል) በነባሩ መዝገብ ውስጥ፣ ከመጨረሻው «ኦል» (ለቀሩት ሁሉ ከሚወስነው ቃል) በፊት አስገብቶ ሁለተኛውን መስመር መሰረዝ ነው።

መዝገቡ አንድ ሆኖም ስህተቱ ከቀጠለ የዲኤንኤስ ጥያቄዎች ይቆጠሩ። አንድ ኤስፒኤፍ ሲፈተሽ ከ10 በላይ ጥያቄ ሊያስነሳ አይችልም፤ እያንዳንዱ «ኢንክሉድ»፣ «ኤ»፣ «ኤምኤክስ» (የዶሜይኑን ኢሜይል ተቀባይ ሰርቨር የሚጠቁመው) እና «ሪዳይሬክት» ይቆጠራል፤ በ«ኢንክሉድ» ውስጥ የተሸጎጡት ሌሎች «ኢንክሉዶች»ም እንዲሁ። በቀጥታ የተጻፉ አይፒ አድራሻዎች ግን አይቆጠሩም። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ሁሉንም ወደ አይፒ አድራሻ ዘርዝረው ይጽፉታል፤ እኔ ይህን አልመክርም፤ አገልግሎት ሰጪው አድራሻውን ሲቀይር የሚያሳውቅ የለምና። ይልቅ ከተተዉ ቆይተው መዝገቡ ላይ ብቻ የቀሩትን አገልግሎቶች ማስወጣት፣ በጅምላ የሚላከውንም የራሱ ኤስፒኤፍ ባለው ንዑስ ዶሜይን ማውጣት ይሻላል።

አንዱ መልእክት ሲያልፍ ሌላው የሚወድቅ፣ ያውም ከዚያው ሰርቨር የሚወጣ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት አይፒቪ6 ነው። ሰርቨሩ አዲሱ የአድራሻ ዓይነት ተሰጥቶት፣ ያንን ለሚቀበሉ ተቀባዮች በእሱ መላክ ይጀምራል፤ በኤስፒኤፍ መዝገቡ ውስጥ ያለው ግን የድሮው አድራሻ ብቻ ነው፤ ለአዲሱም የፒቲአር መዝገብ (አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰው) አልተሠራለትም። መዝገቦቹ እስኪሟሉ ድረስ ሰርቨሩ በአይፒቪ4 ብቻ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። የፒቲአር መዝገብ የሚስተካከለው በዶሜይኑ ዲኤንኤስ ሳይሆን አይፒውን ባከራየው ድርጅት በኩል መሆኑንና ስሙ ተመልሶ ወደዚያው አይፒ ማመልከት እንዳለበት ልብ ይሏል።

ዲኪም ይወድቃል

የዲኪም ውድቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ ቁልፍ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው።

«የአካሉ ሃሽ (ከጽሑፉ የተሰላው አጭር አሻራ) አልተረጋገጠም» የሚል ከሆነ ቁልፉ ደኅና ነው፤ መልእክቱ ከተፈረመ በኋላ ተነክቷል። ከስር «ይህ መልእክት ሚስጥራዊ ነው» የሚል ማሳሰቢያ የሚለጥፍ ሰርቨር፣ አባሪዎችን የሚፈትሽ ፀረ ቫይረስ፣ ወይም ሊንኮችን የሚለውጥ መሣሪያ ከፈራሚው ኋላ ቆሞ ይሆናል። «ሪላክስድ» የተባለው አሠራር የሚታገሠው የክፍተትን ልዩነት እንጂ የተጨመረን ቃል አይደለም። ስለዚህ ፊርማው ከሰርቨሮቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ መልእክቱ ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል መደረግ አለበት። ለማግኘት የሚያስቸግረው ደግሞ አንዳንድ መልእክቶች ብቻ፣ በተለይም በፕሮግራም የሚመነጩ ደረሰኞችና ሪፖርቶች ሲወድቁ ነው። በኢሜይል ደንብ አንድ መስመር ከ998 ቁምፊ መብለጥ ስለሌለበት፣ ሙሉውን ኤችቲኤምኤል በአንድ መስመር የሚጽፍ ፕሮግራም ሲኖር መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ፊርማውም አብሮ ይበላሻል። ፕሮግራሙ አካሉን በቤዝ64 ወይም በኮትድ-ፕሪንተብል (ይዘቱን በአጫጭር መስመሮች በሚጽፉ ስልቶች) እንዲያዘጋጅ ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል።

ሁለተኛው ዓይነት «ቁልፉ አልተገኘም» ወይም «ፊርማው አልተረጋገጠም» የሚለው ሲሆን፣ እዚህ የሚታየው ዲኤንኤስ ነው። በፊርማው ውስጥ ያለው የሰሌክተር (የትኛው ቁልፍ እንደሆነ የሚለየው) ስምና በዲኤንኤስ የተመዘገበው አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ። ቁልፉ 2048 ቢት ከሆነ ደግሞ አንድ የቲኤክስቲ (የዲኤንኤስ የጽሑፍ መዝገብ) ሐረግ ከሚይዘው 255 ቁምፊ ስለሚያልፍ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ መግባት አለበት። አንዳንድ የዲኤንኤስ መቆጣጠሪያ ገጾች ራሳቸው ይከፍሉታል፤ አንዳንዶቹ ግን ትርፉን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቆርጡታል። ዲኤንኤስን በሚጠይቀው በዲግ ትእዛዝ የሚመጣውን መልስ ሰርቨሩ ላይ ካለው የሕዝብ ቁልፍ ጋር ከመጀመሪያው ፊደል ይልቅ ከመጨረሻው ጀምሮ ማስተያየት ይህን ወዲያው ያሳያል። ቁልፍ ሲቀየርም አዲሱ በአዲስ ሰሌክተር ይወጣል፤ አሮጌው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ ምክንያቱም ወረፋ ላይ ያሉ መልእክቶች የተፈረሙት በእሱ ነው፤ ፖስትፊክስ የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ብንወስድ ካልተነካ በቀር መልእክትን እስከ 5 ቀን ወረፋ ላይ ያቆያል።

ኤስፒኤፍና ዲኪም አልፈው ዲማርክ ይወድቃል

ይህ ውጤት ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን እርስ በርሱ አይጋጭም። ኤስፒኤፍ የሚፈትሸው አንባቢው የሚያየውን «ከ» የሚለውን አድራሻ ሳይሆን ሰርቨሮች ብቻ የሚለዋወጡትን የመመለሻ አድራሻ ነው። ዲኪምም የሚመሰክረው ፊርማው ውስጥ ለተጠቀሰው ዶሜይን ነው። የዜና መጽሔት ላኪው አገልግሎት በራሱ የመመለሻ አድራሻ ልኮ በራሱ ዶሜይን ከፈረመ ሁለቱም ያልፋሉ፤ የመሰከሩት ግን ለእሱ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ዲማርክ የሚጠይቀው ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ አልፎ፣ ያለፈበትም ዶሜይን አንባቢው ከሚያየው ጋር እንዲገጥም ነው። ስለዚህ በአገልግሎቱ መቼት ውስጥ በራስዎ ዶሜይን መፈረምን ማብራት፣ ከተቻለም የመመለሻ አድራሻውን ወደ ንዑስ ዶሜይንዎ ማዞር ያስፈልጋል።

ተቀባዩ መልእክቱን ወደ ሌላ ሣጥን የሚያስተላልፍ ሲሆንም ኤስፒኤፍ ይወድቃል፤ አሁን ላኪ የሆነው አስተላላፊው ሰርቨር ነውና። አስተላላፊው የመመለሻ አድራሻውን በራሱ ቢተካ ኤስፒኤፍ ያልፋል፤ ዶሜይኑ ግን አይገጥምም። በዚያ መንገድ የሚተርፈው ያልተነካ የዲኪም ፊርማ ብቻ ስለሆነ ኤስፒኤፍ አለኝ ብሎ ዲኪምን መተው አይበጅም። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ ጉግል በብዛት የሚለው በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል መላክን ነው።

የዲማርክ ፖሊሲ በመጀመሪያው ቀን «ሪጀክት» (ያልተረጋገጠውን መልስ) ላይ ከተደረገ የሚመለሰው አስመሳዩ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያላስታወሰው ስካነርና የሂሳብ ፕሮግራምም ነው። ወደ «ነን» (ምንም አታድርግ) መልሶ ተቀባዮች የሚልኳቸውን ሪፖርቶች ለጥቂት ሳምንታት ማንበብ፣ ከዚያ በ«ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ አስገባ) በኩል መውጣት ይገባል። ሪፖርቱ የሚመጣበት አድራሻ በሌላ ዶሜይን ላይ ካለ ያ ዶሜይን መቀበሉን የሚገልጽ መዝገብ በራሱ ዲኤንኤስ ማውጣት አለበት፤ ካላወጣ ሪፖርት አይመጣም፤ የሚነግርዎትም የለም።

መልእክቱ ሳይመሰጠር ያልፋል

በተቀባዩ ሄደር «ሪሲቭድ» በሚለው መስመር ላይ «ኢኤስኤምቲፒኤስ» ከተጻፈ ግንኙነቱ ተመስጥሯል፤ የመጨረሻዋ «ኤስ» ከሌለች እንዳልተመሰጠረ መጠርጠር ነው። የተለመደው ምክንያት ምስጠራው ለሚገባው ኢሜይል በርቶ ለሚወጣው መረሳቱ ነው፤ በፖስትፊክስ ሁለቱ ለየብቻ ይበራሉ። ያ ካልሆነ መንገድ ላይ ያለው ፋየርዎል ይታይ። ኤስኤምቲፒን «እፈትሻለሁ» የሚሉ አንዳንድ ፋየርዎሎች ሰርቨሩ ስታርትቲኤልኤስ እንዳለው የሚናገርበትን መስመር በተደረደሩ «ኤክስ» ፊደላት ይሸፍኑታል፤ ላኪውም ምስጠራ የለም ብሎ በግልጽ ይልካል። ከውስጥና ከውጭ በፖርት 25 ገብቶ የሰላምታውን መልስ ማስተያየት ያጋልጠዋል፤ መፍትሄውም ያንን ፍተሻ ማጥፋት ነው።

በተቃራኒው ሁሉንም ተቀባይ በግድ እንዲመሰጥር ያዘዘ ሰርቨር ወረፋው ይከማችበታል፤ ሎጉም (የሰርቨሩ የሥራ ማስታወሻ) ቲኤልኤስ (የምስጠራው ፕሮቶኮል) ተፈልጎ እንዳልቀረበ ይናገራል። ለሁሉም «ከተገኘ መስጥር» የሚለውን ትቶ፣ ግዴታውን ስምምነት ላላቸው ዶሜይኖች ብቻ በዝርዝር ማስፈር ይሻላል። ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት እንዲወጡ ስለተወሰነ ከአሮጌ ሰርቨር ጋር መጨባበጥ (የምስጠራውን ግንኙነት መጀመር) ቢያቅት ለዚያ አንድ መዳረሻ ብቻ ልዩነት ማድረግ እንጂ ለሁሉም በሩን ዝቅ ማድረግ አይገባም።

ከጥቂት ላኪዎች ብቻ ኢሜይል መምጣት ያቆማል

እንዲህ ሲሆን ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው በተቀባዩ፣ ማለትም በእርስዎ በኩል ነው። ተራው ምስጠራ ሰርተፊኬትን (የሰርቨሩን ስምና ቁልፍ የሚመሰክረውን ፋይል) ስለማያረጋግጥ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ይሠራል፤ ኤምቲኤ-ኤስቲኤስ (በፖሊሲ ፋይል) ወይም ዴን (በዲኤንኤስ መዝገብ) የተባለውን የማረጋገጫ ግዴታ ያወጣ ዶሜይን ግን ላኪዎችን «ካላረጋገጣችሁ አትላኩ» ብሏቸዋል፤ ቃሉን የሚያከብሩትም ይቆማሉ።

አንድ የማስተዳድረው ሰርቨር ላይ ይህ ደርሶብኛል። ከሁሉም ሰው ኢሜይል ይገባል፤ ከሁለት ድርጅቶች ብቻ ይዘገያል፤ በእኛ ሎግ ግንኙነቱ ተጀምሮ ይቋረጣል እንጂ ስህተት አይታይም። ቀኑን ወደ ኋላ ስንቆጥር ሰርተፊኬቱ በራሱ ከታደሰበት ሌሊት ላይ ወደቀ። የ90 ቀን ሰርተፊኬቱ ሲታደስ አዲስ ቁልፍ ተፈጥሯል፤ በዲኤንኤስ ያለው፣ ዴን የሚመረኮዝበት የቲኤልኤስኤ መዝገብ ግን አሁንም የአሮጌውን ቁልፍ ሃሽ ይናገራል። እድሳቱ ነባሩን ቁልፍ እንዲጠቀም ማዘዝ ቀላሉ መፍትሄ ነው። ቁልፉ መቀየር ካለበት የአዲሱ ሃሽ ከአሮጌው ጎን አስቀድሞ ይወጣል፤ የመዝገቡ የመቆያ ጊዜ (ሌሎች መልሱን በማስታወሻ የሚይዙበት) ሁለት እጥፍ ካለፈ በኋላ ሰርተፊኬቱ ይተካል።

በኤምቲኤ-ኤስቲኤስ ደግሞ የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ ሰርተፊኬቱ የኤምኤክሱን ስም መያዙ፣ መካከለኛው ሰርተፊኬት (የእኛን ከታመነው ሰጪ ጋር የሚያገናኘው) አብሮ መላኩ፣ በፖሊሲ ፋይሉ የተዘረዘሩት ኤምኤክሶች በዲኤንኤስ ካሉት ጋር መግጠማቸው። ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ ሲዛወሩ ላኪዎች አሮጌውን ፖሊሲ እስከ መቆያ ጊዜው ሊይዙት ስለሚችሉ፣ አዲሱ ኤምኤክስ አስቀድሞ ፋይሉ ውስጥ ይጨመራል፤ በዲኤንኤስ ያለው የፖሊሲው መለያ ቁጥርም ይቀየራል፤ ኤምኤክሱ የሚዛወረው የመቆያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። የቲኤልኤስ ሪፖርት መዝገብ አብሮ ከወጣ ትልልቆቹ ላኪዎች ስንት ግንኙነት በምን ምክንያት እንደወደቀባቸው በየቀኑ ይልካሉ፤ እኔ ያንን መዝገብ ቀድሜ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ሎግ ስቆፍር የዋልኩበትን ሁለት ቀን አተርፍ ነበር።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ወረፋውን ወዲያው ከመግፋት የመቆያ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተቀባዩ የድሮውን መልስ በማስታወሻው ይዞ ከሆነ በ4 የነበረው እምቢታ በ5 ሊመለስ ይችላልና።